ዋልታ ያሳደጋቸው ልጆች

በ1962 እንግሊዝ አገር ስለ ክሪል የተጻፈ ዳጎስ ያለ ጥናት ታተመ። ክሪል ከአንድ ጣት የማይረዝም፣ ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረት ነው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባሉ ባሕሮች በመንጋ ይኖራል፤ ከፔንግዊን እስከ ዓሣ ነባሪ ያለውን ሁሉ የሚቀልበው እሱ ነው። ጥናቱን የጻፈው ጄምስ ማር የተባለ ስኮትላንዳዊ የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ነበር። ከባሕር የወጣ መረብ ሲያራግፍ፣ ያገኘውን በአጉሊ መነጽር ሲለይ፣ ሲቆጥር፣ የተያዘበትን ቦታና ጥልቀት ሲመዘግብ ዕድሜውን ጨረሰ። መጽሐፉ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላም ሞተ።

ማር ወደ ደቡብ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድ ግን አጉሊ መነጽር አልያዘም ነበር። የስካውት ዩኒፎርም የለበሰ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ መርከብ ላይ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱም ከሰል መዛቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1921 የዋልታ ተጓዡ ኧርነስት ሻክልተን ለአራተኛ ጊዜ ወደ አንታርክቲካ ሊጓዝ ሲሰናዳ አንድ ስካውት አብሮት እንዲሄድ ፈለገ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ 1,700 ያህል ልጆች አመለከቱ። ከእነሱ አሥር ተለይተው ሻክልተን ፊት ቀረቡ፤ እሱም አንዱን መምረጥ ቢያቅተው ሁለት ወሰደ፤ ማርን ከአበርዲን፣ ኖርማን ሙኒን ከኦርክኒ ደሴቶች።

ኩዌስት የምትባለው መርከባቸው 125 ቶን ብቻ የሆነች፣ ቀድሞ ሲል ለሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ አደን የተሠራች የኖርዌይ መርከብ ነበረች። ትንሽ ሞገድ ባገኛት ቁጥር ከጎን ወደ ጎን ስትንገላታ ውላ ታድራለች። ሙኒን ባሕሩ ጨርሶ አልተስማማውም፤ የበላው አልረጋ ብሎት ከስቶ፣ ማዴይራ ደሴት ላይ ወርዶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ማርንም ያጥወለውለው ነበር፤ ግን ቀረ። ወጥ ቤት ይላላካል፣ ወለል ይወለውላል፣ ሲታዘዝም ወደ ከሰሉ ማከማቻ ይወርዳል። መርከቧ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ደርሳ ግሪትቪከን ላይ መልሕቅ በጣለች በነጋታው፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1922 ከሌሊቱ፣ ሻክልተን በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 47 ነበር።

ጉዞው በምክትሉ በፍራንክ ዋይልድ መሪነት ቀጠለና ሰዎቹ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ እንግሊዝ ገቡ። ማርን አገር ቤት የጠበቀው ሥራ ደግሞ የባሰ ነው። የጉዞው ዕዳ ገና አልተከፈለም፤ ስለ ጉዞው የተሠራው ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ይታያል፤ ልጁም የስካውት ልብሱንና የስኮቶችን ኪልት ለብሶ በር ላይ እየቆመ ተመልካች ይስባል። የጀብዱ ሒሳብ በመጨረሻ የሚወራረደው ደጅ ቆሞ መሆኑ ያኔ የገባው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ቋንቋዎችንና ሥነ እንስሳትን ተማረ። በ1925 ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ወጣ። ቀጥሎ የዓሣ ነባሪዎችን ኑሮና ምግብ ለማጥናት እንግሊዞች ባቋቋሙት የዲስከቨሪ ጥናት ውስጥ ተቀጠረ፤ ከ1929 እስከ 1931 ደግሞ ከአውስትራሊያዊው ዳግላስ ሞውሰን ጋር አንታርክቲካን ዞረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1943 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አንታርክቲካ ላይ በምስጢር የጦር ሰፈር ሊመሠርት ሲያስብ መሪ አድርጎ የላከው ማርን ነው። የዘመቻው ስም «ታባሪን» ነበር፤ የፓሪስ ዳንኪራ ቤት ስም ነው፤ ስም አውጪው ሳቅ ወዳጅ ሳይሆን አልቀረም። ማር በ1944 መጀመሪያ ዲሴፕሽን ደሴትና ፖርት ሎክሮይ ላይ ያቆማቸው ጎጆዎች ዛሬ የእንግሊዝ አንታርክቲክ ሰርቬይ የሚባለው ተቋም መነሻ ሆኑ። እሱ ራሱ ጤናው ስለተጓደለ ሥራውን ለቅቆ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወደ ክሪሎቹም።

የወጣቶች የዋልታ ጉዞ ሲነሣ ወሬው ሁልጊዜ ስለ ወኔ፣ ስለ ጽናት፣ ስለ መሪነት ነው። ስፖንሰር የሚለምነው ደብዳቤም፣ የአዘጋጆቹ በራሪ ወረቀትም ይህንኑ ይላል። እኔ የማርን ሕይወት ሳገላብጥ በይበልጥ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። በ18 ዓመቱ የሥራ ቦታ አየ። ባሕሩን፣ መርከቡን፣ እዚያ የሚውሉትን ሰዎች፣ ቀን ከቀን የሚሠራውን አሰልቺ ሥራ ጭምር ቀምሶ፣ «እዚህ ሰው ሠርቶ ይኖራል» የሚለውን በዓይኑ አረጋገጠ። ወኔውማ ቀድሞም ነበረው፤ ከ1,700 ውስጥ የተመረጠው ለዚህ ነው። ዋልታ እንዲህ ያለውን ሰው ሠራው ወይስ አገኘው የሚለውን ለመለየት ቤታቸው የቀሩትን 1,698 ልጆች ዕድሜ ልካቸውን መከታተል ያስፈልግ ነበር። እነሱን የተከተለ ጋዜጠኛ የለም።

ከሰባት ዓመት በኋላ አሜሪካም የራሷን ስካውት ላከች። ሪቻርድ ባይርድ በ1928 ወደ አንታርክቲካ ሲነሣ ከኢሪ ከተማ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ፖል ሳይፕል የተባለ የ19 ዓመት ልጅ ይዞ ሄደ። ስካውቶች ሙያ ሲያስመሰክሩ ከሚሸለሙት ባጅ ወደ 60 የሚጠጋ ደረቱ ላይ የደረደረ ልጅ ነበር። ካምፑ ላይ ግን ሥራው የውሾች እንክብካቤና ለሙዚየም የሚላኩ የፔንግዊንና የሲል ቆዳዎችን መግፈፍ ሆነ። እጅ በጓንት ስለት አይዝም፤ ያለ ጓንት ደግሞ ደቂቃ አይቆይም። ሳይፕል ከዚህ ጉዞ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ዞረ ማለት ይቻላል፤ ሰውን በትክክል የሚያቀዘቅዘው ምንድን ነው?

በ1939 ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ድርሳን የአንታርክቲካ ተጓዥ ከብርዱ ጋር እንዴት እንደሚላመድ የሚያጠና ነበር። ያ በቂ አልሆነለትም። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አንታርክቲካ ተመልሶ ሊትል አሜሪካ የሚባለውን ሰፈር ሲመራ፣ በ1940 የዋልታ ሌሊት ውስጥ ከጂኦሎጂስቱ ከቻርልስ ፓሰል ጋር አንድ ሙከራ ጀመረ። የሙከራው ዕቃ ለማመን የሚከብድ ቀላል ነው። ሩብ ሊትር ያህል ውሃ የምትይዝ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መሳይ ማሰሮ ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኛት ቦታ ትሰቀላለች። አጠገቧ ቴርሞሜትርና የነፋስ መለኪያ አለ። ውሃው በረዶ እስኪሆን ስንት ደቂቃ ፈጀ? ይጻፋል። ማሰሮዋ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ በረዶው ይቀልጣል፣ እንደገና ትወጣለች። ነፋሱ ሲረጋጋ አንድ ጊዜ፣ ሲነሣ አንድ ጊዜ፣ ሲያጓራ አንድ ጊዜ። ብርዱ ያው ሆኖ ነፋሱ ሲጨምር ውሃው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ ከዚህ መዝገብ ወጣ፤ በ1945ም ታተመ። ሳይፕል በጦርነቱ ጊዜ ይህን እውቀቱን ለአሜሪካ ወታደሮች ከብርድ የሚከላከል ልብስ ሥራ ላይ አዋለው።

ሚኒያፖሊስ ወይም ካልጋሪ የሚኖር አበሻ በጃንዋሪ ጧት ሥራ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን ሲከፍት ሁለት ቁጥር ያያል። አንዱ ቴርሞሜትሩ የሚለው ነው፤ ሌላው «እንዲህ ሆኖ ይሰማል» የሚለው፣ ከፊተኛው አሥርና አሥራ አምስት ዲግሪ የሚወርደው። ልጁን አንድ ወይም ሁለት ሹራብ የሚያለብሰው ያንን ሁለተኛውን አይቶ ነው። የቁጥሩ አባት ያ ስካውት ነው። ቀመሩ በ2001 ተሻሽሏል፤ አሮጌው ብርዱን ያጋንን ስለነበር በጎ ፈቃደኞች ፊታቸው ላይ መለኪያ ተለጥፎላቸው በነፋስ ዋሻ ውስጥ እየተራመዱ አዲስ ተሰላ። ሐሳቡ ግን ያው የሳይፕል ሐሳብ ነው።

በ1956 መጨረሻ አሜሪካ ደቡብ ዋልታ ላይ ጣቢያ ስትሠራ የሳይንስ መሪው ሆኖ የተላከው እሱ ነው። 18 ሰዎች ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ፀሐይ መውጣት፣ ማለትም ስድስት ወር፣ አብረው ከረሙ፤ በሴፕቴምበር 1957 ብርዱ ከዜሮ በታች ከ74 ዲግሪ አለፈ። ሳይፕል ያኔ ሚስትና ሦስት ሴት ልጆች ነበሩት። ዋልታ ለአንድ ልጅ ስለሰጠው ሲወራ ከቤተሰቡ የወሰደውም አብሮ ቢወራ ደግ ነበር።

ስካውቶቹ ብቻቸውን የተላኩ ልጆች ናቸው። የኦክስፎርድ ተማሪዎች ደግሞ በቡድን ሄዱ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው የእነሱ ነው። በ1921 ባዮሎጂስቱ ጁሊያን ሐክስሊ ያሉበት የዩኒቨርሲቲው ቡድን በሰሜን ዋልታ አካባቢ ወዳለችው ስፒትስበርገን ደሴት ሲጓዝ ቻርልስ ኤልተን የተባለ የ21 ዓመት የሥነ እንስሳት ተማሪ አብሮ ነበር። መንገድ ላይ ድብ ደሴት የምትባል፣ በኖርዌይና በስፒትስበርገን መካከል ብቻዋን የተቀመጠች ደሴት ላይ አረፉ።

እንግሊዝ ጫካ ገብቶ «ማን ማንን ይበላል» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሺህ ዓይነት ነፍሳት፣ ሺህ ዓይነት ቅጠል ይጠብቀውና ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ድብ ደሴት ግን ባዶ ናት። ዛፍ የለም፤ የእንስሳቱ ዓይነት ተቆጥሮ ያልቃል። የባሕር ወፎች ከባሕሩ ይመገባሉ፣ ገደሉ ላይ ይኮሳሉ። ኩሱ እንደ ማዳበሪያ ሆኖ ገደሉ ሥር ያለውን ዕፅዋት ያለመልማል፤ ዕፅዋቱ ነፍሳትን ይመግባል፤ ነፍሳቱን ወፍ ይለቅማል፤ ወፏንና እንቁላሏን ቀበሮ ይበላል። ክረምት ሲገባና ወፎቹ ሲሄዱ ያው ቀበሮ የዋልታ ድብን ተከትሎ ባሕሩ በረዶ ላይ ይወጣል፤ ድቡ ሲል ገድሎ የተወውን ይጋጣል። ኤልተን ከዕፅዋት ተመራማሪው ከቪንሰንት ሰመርሄይስ ጋር ሆኖ ይህን ሁሉ በቀስት እያያያዘ በአንድ ገጽ ሣለው፤ በ1923 ታተመ። የዛሬ ተማሪ በባዮሎጂ መጽሐፉ የሚያየው የምግብ ድር ከቀደምት አያቶቹ አንዱ ያ ሥዕል ነው።

ወደ ስፒትስበርገን በድጋሚ ከሄደበት ከ1923ቱ ጉዞ ሲመለስ ደግሞ ኤልተን በኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ አንድ መጻሕፍት ቤት ገባ። ስለ ኖርዌይ አጥቢ እንስሳት የተጻፈ መጽሐፍ አየ። ኪሱ ውስጥ የቀረችው ገንዘብ ጥቂት ናት፤ ኖርዌይኛ አያውቅም። ገዛው። እንግሊዝ አገር ገብቶ መዝገበ ቃላት ይዞ ቃል በቃል ሲፈታው ሌሚንግ የሚባለው አይጥ መሳይ እንስሳ በየጥቂት ዓመቱ ቁጥሩ እየናረ እየወደቀ እንደሚሄድ አነበበ። በ1924 በዚህ ላይ ጻፈ፤ ቀጥሎ ሐድሰንስ ቤይ የተባለው የጠጉር ቆዳ ነጋዴ ኩባንያ የዘመናት መዝገቡን ከፍቶ አማካሪ አደረገው፤ በ1927፣ ገና በ27 ዓመቱ፣ «የእንስሳት ኢኮሎጂ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። የአንድ ሳይንስ መሠረት ከተማሪ ቤት እረፍት ጊዜ የወጣበት ሌላ ምሳሌ ብዙ አላውቅም።

በዚያው በ1923ቱ ቡድን ውስጥ ሳንዲ ኧርቪን የሚባል የሜርተን ኮሌጅ ቀዛፊ ነበር። ጂኦሎጂስቱ ኖኤል ኦዴል ከእሱ ጋር ሸርተቴ እየጎተተ ስፒትስበርገንን ሲያቋርጥ የልጁን ጥንካሬና የእጁን ብልሃት አየና ለኤቨረስት ጉዞ መሰከረለት። ጁን 8 ቀን 1924 ኧርቪን ከጆርጅ ማሎሪ ጋር ወደ ጫፉ ሲወጣ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ፤ ያየውም ኦዴል ራሱ ነው። ዕድሜው 22። ስሙ የተሰፋበት ካልሲና ጫማ ግግር በረዶው ላይ የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ በ2024 ነው። በ1924ቱ የኦክስፎርድ ጉዞ ደግሞ የቡድኑ ሐኪም ሃዋርድ ፍሎሪ ነበር፤ ፔኒሲሊንን ለመድኃኒትነት ያበቃው፣ በ1945 ኖቤል ያገኘው ፍሎሪ። ፍሎሪን ዋልታ ሠራው የሚል ሰው ቢመጣ አላምነውም። ሐኪም ሆኖ ሄደ፣ ሐኪም ሆኖ ተመለሰ። ከአንድ ጀልባ የወረዱ ሦስትና አራት ወጣቶችን ተከታይ ሕይወት ሁሉ ለበረዶ መስጠት ደግ አይደለም።

የጂኖ ዋትኪንስ ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነው። በ1927፣ በ20 ዓመቱ፣ ገና የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ፣ የራሱን ቡድን ስፒትስበርገን ወዳለችበት የስቫልባርድ ደሴቶች መራ። በ1930 ደግሞ 13 ሰዎች ይዞ ከእንግሊዝ በግሪንላንድ በኩል ወደ ካናዳ የሚወስድ የአየር መንገድ ለማጥናት ግሪንላንድ ወረደ፤ ያኔ 23 ዓመቱ ነበር። ግግር በረዶው አናት ላይ የአየር ጠባይ ጣቢያ አቆሙ፤ ድንኳን ነው። ምግብ ማድረስ ሲቸግር ኦገስቲን ኮርቶልድ እኔ ብቻዬን እቆያለሁ አለ። ከዲሴምበር 1930 ጀምሮ ብቻውን ተቀመጠ። በየቀኑ እየወጣ መለኪያዎቹን ያነባል። በማርች በረዶው መውጫውን ደፈነው፤ ከዚያ ወዲያ ድንኳኑ ውስጥ፣ በጨለማ፣ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ሜይ 5 ዋትኪንስና ሁለት ጓዶቹ ቦታውን ፈልገው ሲደርሱ የሚታየው የተቀዳደደ ባንዲራና ከበረዶው ብቅ ያለ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ብቻ ነበር። ዋትኪንስ በቱቦው አፍ ተጣራ። ከታች ድምፅ መለሰ። የኮርቶልድ ምድጃ የመጨረሻ ጋዙን የጨረሰው በዚያው ሰዓት ነው።

ዋትኪንስ ራሱ በኦገስት 1932 ግሪንላንድ ላይ ካያክ ይዞ ለአደን ወጥቶ ሰጠመ፤ 25 ዓመቱ። ከጓዶቹ ጆን ራይሚል በበኩሉ አንታርክቲካን ያጠና ጉዞ መራ፤ ሎረንስ ዌጀር የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። ፍሬዲ ስፔንሰር ቻፕማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በማላያ ጫካ ከጃፓን ጦር ጀርባ ከሦስት ዓመት በላይ ተሸሽጎ ተዋጋ። ይኸው ሰው በ1971 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በረዶም ጫካም ያልረታው ሰው መጨረሻው ይህ ነበር፤ «ባሕርይ ይገነባል» የሚሉ ሰዎች ይህን ክፍል ሲዘሉት አያለሁ።

ባሕርይ ግንባታን ዓላማ አድርጎ የተነሣው ሰው ጆርጅ መሪ ሌቪክ ነው። ሌቪክ እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት በመራው የአንታርክቲካ ጉዞ ሐኪም ነበር፤ በ1912 ከአምስት ጓዶቹ ጋር መርከብ ሳትደርስላቸው ቀርታ በበረዶ ውስጥ በቆፈሩት ዋሻ ሲልና ፔንግዊን እየበሉ ከረሙ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1932፣ ተማሪዎችን ወደ ዱር የሚወስድ ማኅበር አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ጉዞ ፊንላንድ ነበር፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ። በኦገስት 2011 ከዚህ ማኅበር ጋር ስቫልባርድ የሄደ የ17 ዓመት ልጅ ድንኳኑ ውስጥ እንደተኛ የዋልታ ድብ ገደለው፤ አራት ሰዎችም ቆሰሉ። በካምፑ ዙሪያ የተዘረጋው የማስጠንቀቂያ ሽቦ አልጮኸም፣ ጠመንጃውም አልተኮሰ ብሎ አስቸገረ። ልጁ ሐኪም መሆን ይፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ሕይወት በማንኛውም የስኬት መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን መግባት አለበት።

እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ ወንዶች መሆናቸውን አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም። በ1914 ሦስት ልጃገረዶች አንድ ላይ ሆነው ለሻክልተን ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ችግር የለም፣ የወንድ ልብስም እንለብሳለን ብለው። ለሴት የሚሆን ክፍት ቦታ የለኝም ብሎ መለሰላቸው። ሴቶች ደቡብ ዋልታ ላይ የቆሙት በ1969 ነው።

ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል። የካናዳው «ስቱደንትስ ኦን አይስ» ከ2000 ጀምሮ ወጣቶችን ከሳይንቲስቶች፣ ከአርቲስቶችና የሰሜኑ ዋልታ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከኢኑይት ሽማግሌዎች ጋር በመርከብ ወደ ዋልታ ሲወስድ ቆይቷል። እዚህ ላይ ከሻክልተን ዘመን የተለወጠ አንድ ነገር አለ፤ ከተጓዦቹ መካከል የኑናቩትና የግሪንላንድ ልጆች አሉበት። ለእነሱ የሚጎበኘው ስፍራ የአያታቸው የአደን ቦታ ነው። ከቶሮንቶ የመጣው ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ምናልባት ሳይንስ ያጠናል። የኢኑይቱ ልጅ ከመርከብ ሲወርድ የሚገባው ሰፈሩ ነው፤ ከሁለቱ የማን ሕይወት ይበልጥ ይቀየራል ብባል የምወራረደው በእሱ ነው። ምክንያቴም ሥራው እዚያው መኖሩ ነው። ለምሳሌ «ስማርት አይስ» የተባለው ድርጅት የኢኑይት ወጣቶችን አሠልጥኖ የባሕር በረዶ ውፍረት ያስለካል። ወጣቱ መለኪያውን በባሕላዊው ሸርተቴ ላይ ጭኖ በስኖውሞቢል እየጎተተ የሰፈሩን የጉዞ መስመር ይዞራል። የለካውም ካርታ ላይ ይወጣል፤ በማግስቱ ለአደን የሚነሣ ሰው የትኛው መስመር እንደሚሸከመው፣ የትኛው እንደሳሳ አይቶ ይወጣል።